በአሸዋው ስር የተኛችው ወይዘሮ

ከዚህ በታች የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው። አንዲት ነጥብ አልተጨመረበትም። እንዲያውም አንባቢ አያምንም ተብሎ ግማሹ ተቀንሷል። ውሸት ከተገኘበት ይህን የጻፈ እጅ እስከ ክርኑ ይድረቅ፤ ያ ካልበቃ ሌላኛውም ይጨመርበት።

ሬሳው የተገኘው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው።

በባሕር እንስሳት ማቆያው ትልቁ ገንዳ ውስጥ በደረቱ ተደፍቶ ይንሳፈፍ ነበር። ጠላቂው ነው። አሥራ አንድ ዓመት በዚያ ውሃ ውስጥ ሲወጣና ሲገባ የኖረ ሰው። የራስ ቅሉ ከኋላ ተከፍቷል። የግራ ክንዱ ከክርኑ እስከ አንጓው ተተልትሏል። ውሃው ቀልቷል፤ ቀልቷል ሲባል እንዲያው ለዓይን ወየብ ያለ እንዳይመስላችሁ፣ እጅ ቢነከርበት ተነክሮ የሚወጣ ዓይነት ቀይ። ማጣሪያው ያን ሁሉ ደም ለመማግ ሁለት ሰዓት ፈጅቶበታል። ሞተሩ ከዚያ ቀን ወዲህ ድምፁ እንደተቀየረ ነው።

ኢንስፔክተሩ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ደረሰ።

ባልደረቦቹ «ጉልቤው» ይሉታል። በከንቱ አይደለም። ሃያ ስድስት ዓመት ነፍሰ ገዳይ ሲያድን ኖሯል፤ ያልያዘው ገና ያልተወለደውን ብቻ ነው። በሩን ገፍቶ ገባ ማለት ያንስበታል፤ በሩ ደንግጦ ተከፈተለት።

«ማነው ኃላፊ?» አለ።

የማቆያው ኃላፊ ከዓምድ ኋላ ብቅ አለ። ክራቫቱ ወደ ጎን ዞሯል፤ አንገቱ ላይ የአምስት ጣት ምልክት አለ።

«አንገትህን ምን ነካው?»

«የሟች ወንድም ነው። ሊገድለኝ ነበር። ጥበቃውን መስታወት ላይ ወርውሮታል።»

እውነትም የመግቢያው መስታወት መሬት ላይ ተበትኗል። ጥበቃው ግንባሩን በጨርቅ ይዞ ደረጃው ላይ ተቀምጧል። ከአዳራሹ ጥግ ደግሞ አንድ ግዙፍ ሰው ቆሟል። በእጁ የአሳ ጦር ይዟል፤ ጫፉ ባለ ሦስት ጣት። ዓይኑን ከገንዳው ላይ አይነቅልም።

«ወንድሜን የበላችውን አውጡልኝ» አለ።

«ማን ናት የበላችው?» ሲል ጉልቤው ጠየቀ።

ኃላፊው ወደ ገንዳው ጠቆመ። «ሻርኳ።»

ጉልቤው ወደ መስታወቱ ተጠጋ። አሸዋ። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ዝም ያለ፣ ቢጫ አሸዋ። ሌላ ምንም የለም።

«ምንም አይታየኝም።»

«አለመታየት ነው ሥራዋ» አለ ኃላፊው። ከዚያ ከኪሱ አንድ ወረቀት አወጣ። ማኅተሙ ገና አልደረቀም። «ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትገደላለች። ሆዷም ይከፈታል። ፈርሜያለሁ።»

«ማን አስፈረመህ?»

ኃላፊው አንገቱን ዳሰሰ። መልሱ እሱ ነበር።

ጉልቤው በሕይወቱ ብዙ ነፍሰ ገዳይ አይቷል። አሳ ግን መዝገቡ ላይ አስፍሮ አያውቅም፤ ሊያሰፍርም አላሰበም። «ይቺን እንስሳ የሚያውቃት ሰው ጥሩልኝ» አለ።

እማማ ጨው መጡ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የገንዳውን ውሃ ጨው ሲለኩ የኖሩ ሴት ናቸው፤ ስማቸውም ከዚያው የመጣ ነው። አጭር ናቸው። የጎማ ቦት ጫማቸው እስከ ጉልበታቸው ይደርሳል። ከሽርጣቸው ኪስ የመለኪያ ብልቃጥ ብቅ ብሎ ይታያል። ዓይናቸው ቀልቷል።

«እማማ፣ ይቺ ምንድን ናት?»

«ሻርክ ናት ልጄ። ወይዘሮዋ ነው የምንላት።»

«ሻርክማ አውቃለሁ። ክንፉን ከውሃ በላይ አውጥቶ ይዞራል።»

«እሷ መዞር አታውቅም። ጠፍጣፋ ናት፤ ክንፎቿ ከግራም ከቀኝም የተዘረጉ። ሆዷን መሬት ላይ ታስቀምጥና አሸዋውን ጀርባዋ ላይ ትበትነዋለች። ከዚያ ዓይኗ ብቻ ነው የሚቀረው።»

«በምን ትተነፍሳለች?»

«ከዓይኖቿ ኋላ ሁለት ቀዳዳ አላት። አፏ አሸዋ ውስጥ ስለሆነ ውሃ የምትስበው በዚያ ነው።»

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«ከዚያ ትጠብቃለች። አንድ ቀንም ይሁን ሳምንት። አሳ በላይዋ ሲያልፍ ብድግ ትላለች። ዓይንህን ጨፍነህ ሳትገልጥ አሳው የለም።»

«ሰው ትነክሳለች?»

«ከረገጧት። ሲረገጥ ዝም የሚል ማን አለ?»

ጉልቤው ሊስቅ ፈልጎ ወንድምየውን አየና ተወው። «እና ገንዳው ውስጥ ስትገቡ እንዴት ነው የምትሆኑት?»

«እግራችንን እንጎትታለን። ከአሸዋው አናነሳም። እንዲህ» ብለው ሲሚንቶው ላይ ሁለት እርምጃ ተንሸራተው አሳዩት። «ከሩቅ ትሰማንና ቦታ ትለቃለች። ሲለመድ ሰው ቤቱም ሄዶ እንደዚያው ነው የሚራመድ። ባለቤቴ ምንጣፌን ጨረስሽው ይለኛል።»

«ስንት አላችሁ እንደሷ ያሉ?»

እማማ ጨው ብልቃጣቸውን ወደ ኪሳቸው ገፉት። «እሷው ናት» አሉ። «ድሮ ዳርቻው ሙሉ ነበሩ። ያ ከስር የሚጠርገው መረብ መጣና አብሮ ጠረጋቸው። የሚወልዱት በሁለትና በሦስት ዓመት አንዴ ነው፤ እርግዝናቸው አሥር ወር ያህል። መረቡ ይህን ሁሉ አይጠብቅም። ወይዘሮዋ ደግሞ አሁን ከባድ ናት።»

«ከባድ?»

«እርጉዝ ናት ልጄ። ወሯ ገብቷል።»

ጉልቤው ወረቀቱን አሰበ። ዘጠኝ ሰዓት። ሆዷም ይከፈታል።

ከዚያ ጎንበስ ብሎ መስታወቱ ላይ ግንባሩን አስደገፈ። ያኔ አያት። አሸዋው ውስጥ ሁለት ዓይኖች። ትናንሽ፣ ወርቃማ፣ የማይርገበገቡ። ቀጥ ብለው እሱን ያዩታል። እልፍ ምስክር ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ያውቃል፤ እንደ እነዚያ ዓይኖች ያመነው ግን አንድም የለም።

«አይዞሽ» አላት። ጮክ ብሎ ነው ያለው፤ አዳራሹ ሁሉ ሰምቷል።

ወደ ሬሳው ሄደ። የተተለተለውን ክንድ አነሳ። የሻርኳ ጥርስ መርፌ መሰል እንደሆነ ግድግዳው ላይ ተጽፏል፤ መርፌ ደግሞ ነጥብ በነጥብ ይወጋል እንጂ አይሸነትርም። ይህ ቁስል ግን ረጅም ነው፤ ጠርዙ የተስተካከለ። ጭንቅላቱን ቆጠረ፤ ምቱን ማለት ነው። ሰባት። ሰባት ጊዜ በብረት ተመትቷል።

«ይህን ያደረገ እጅ ያለው ፍጡር ነው» አለ ጉልቤው። «እሷ እጅ የላትም።»

ወንድምየው ጦሩን አላወረደም። «እስከ ዘጠኝ እጠብቃለሁ» አለ። «ከዚያ ግን አንተንም አልፌ ነው የምወጋት።»

መጀመሪያ የተጠረጠረው የመርከቡ ካፒቴን ነው። ከስር የሚጠርገው መረብ የእሱ ነው። ጠላቂው በሄደበት ሁሉ ሲሟገት ከርሞ የባሕር ሰላጤው አሸዋማ ወለል መረብ እንዳይነካው አስከልክሏል። ካፒቴኑም በወደቡ ሁሉ ፊት «ያን ጭንቅላቱን እንደ እንቁላል ነው የምሰብረው» ብሎ ዝቷል።

ጉልቤው ወደ መርከቡ ብቻውን ወጣ።

«ጭንቅላት ሰባሪው የታለ?» አለ።

ዘጠኝ መርከበኞች ተነሱ። አንዳንዶች አምስት ናቸው ይላሉ፤ እነሱ ሲቆጥሩ አራቱ ባሕር ውስጥ ነበሩ። የመጀመሪያው በሰንሰለት መጣ። ጉልቤው ሰንሰለቱን ያዘና ሰውየውን እንደ ባልዲ ስቦ ከምሰሶው ጋር አጋጨው። ሁለተኛው አፍንጫው ላይ ክርን ቀመሰ፤ እስከ ዛሬ በአፉ ነው የሚተነፍሰው። ሦስተኛው ቢላ ነበረው፤ ቢላው የት እንደደረሰ አይታወቅም። የቀሩት ጉዳዩ የእነሱ እንዳልሆነ ትዝ አላቸው። በመጨረሻ ካፒቴኑ ራሱ አሳ ማረጃው ጠረጴዛ ላይ በጀርባው ተንጋለለ፤ የጉልቤው ጉልበት ደረቱ ላይ።

«ገደልከው?»

«ብገድለው ደስ ይለኝ ነበር!» አለ ካፒቴኑ፣ ደም እየተፋ። «ሰው ቀደመኝ! ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ባሕር ላይ ነኝ። ሦስት መርከብ አይቶኛል። ያረፍኩት አሁን አራት ሰዓት ላይ ነው።»

«ተነስ። ከኔ ጋር ትሄዳለህ።»

«ምን አድርጌ?»

«ለመራመድ።»

አዳራሹ ሲደርሱ ውሃው ይበልጥ ጠርቷል። የገንዳው ወለል ፍንትው ብሎ ይታያል። ጉልቤው በመስታወቱ በኩል ሲመለከት፣ ከመሰላሉ ስር ተነስተው ሬሳው እስከተገኘበት የሚሄዱ፣ ጠዋት በብዥታ ያያቸውን መስመሮች አጥርቶ አየ። የእግር ዱካ አይደሉም። መስመሮች ናቸው፤ ጎን ለጎን የተጎተቱ፣ እንደ ጋሪ መንገድ።

ካፒቴኑን ባዶ በነበረ አንድ ሌላ ገንዳ ውስጥ አስገባው። «ተራመድ።»

ካፒቴኑ እየተሳደበ ተራመደ። ጉልበቱን እያነሳ፣ አሸዋውን እየረገጠ። ጉድጓድ በጉድጓድ አደረገው።

«በቃ። ሂድ፣ ጥርስህን ለሐኪም አሳይ» አለው ጉልቤው። «አንተ አይደለህም።»

«ታዲያ ለምን ጥርሴን አወለቅከው?»

«ስለዛትክ።»

ሰው በሚገድልበት ሰዓት እንኳ እግሩን የሚጎትት የገንዳው ሠራተኛ ብቻ ነው። ልማድ ነው፤ ደም ቢፈላም አይለቅም። እዚያ ገንዳ የሚገቡት ደግሞ ሦስት ናቸው። አንደኛው ሬሳ ሆኗል። እማማ ጨው ብልቃጣቸውን ካልሆነ ከባድ ነገር የሚያነሱ አይመስሉም። የቀረው መጋቢው ነው።

መጋቢው ቀጭን ሰው ነው። ጣቶቹ ረጃጅም ናቸው፤ አሳ አሳ ይሸታሉ። ስምንት ዓመት ሙሉ ወይዘሮዋን በእጁ አብልቷል።

«ጠዋት የት ነበርክ?»

«ማቀዝቀዣው ክፍል። አሳ ስከትፍ።»

«በምን?»

«በቢላ ነዋ።»

«ቢላው የታለ?»

«ጠፍቶብኛል።»

«መቼ?»

«ዛሬ።»

«ቀን መርጦ ነው የጠፋው! ከጠላቂው ጋር እንዴት ነበራችሁ?»

«ወንድም ማለት ነው ለኔ።»

«ወንድሙ እዚያ ጋ ጦር ይዞ ቆሟል። ሄደህ ንገረዋ።»

መጋቢው አልተንቀሳቀሰም። ላብ ከግንባሩ ወረደ። ጉልቤው ሰዓቱን አየ። ለዘጠኝ ሦስት ደቂቃ ይቀራል። ያኔ ነው በፖሊስ ታሪክ ማንም ያልሞከረውን የሞከረው። ወደ ወንድምየው ዞረና ድምፁን ከፍ አድርጎ፣

«ሰዓቱ ደርሷል። ውጋት!» አለ።

ወንድምየው ወደ ገንዳው ጠርዝ ወጣ። ጦሩን ከትከሻው በላይ አነሳ። ከስሩ አሸዋው ውስጥ አንድ ጉብታ ዝም ብሎ ተኝቷል፤ ሆዱ ውስጥ ያሉትን ይዞ። ክንዱ ወደ ኋላ ሄደ።

«ተው!» ሲል መጋቢው ጮኸ። «ተዋት! እሷ አይደለችም! እኔ ነኝ!»

ከዚያ የጠፋው ቢላ ከቦቱ ውስጥ ወጣ።

መጋቢው ወንድምየውን ሊወጋ ዘለለ። ጉልቤው በአየር ላይ ያዘው። ሁለቱም ተያይዘው ገንዳው ውስጥ ወደቁ። ውሃው እስከ ጣሪያ ተረጨ። ቢላው የጉልቤውን ትከሻ ቀደደ፤ ጉልቤው የመጋቢውን መንጋጋ በክርኑ አናጋ። መጋቢው ጉሮሮውን ያዘው፤ እነዚያ ረጃጅም ጣቶች ሁለት ዙር ዞሩበት። አንድ ደቂቃ ከውሃ በታች። ሁለት ደቂቃ። አምስት ደቂቃ። ሌላ ሰው ቢሆን ሞቶ፣ ተቀብሮ ነበር። ጉልቤው ዓይኑ ሲጨልም እግሩን አነሳና አሸዋውን በኃይል ረገጠ።

አሸዋው ተነሳ።

ወይዘሮዋ እንደ ወጥመድ ብድግ አለች። ክንፎቿን ዘርግታ፣ አፏን ከፍታ። የረገጣትን ትታ ቢላ የያዘውን ክንድ ነከሰች። የትኛው ክንድ እንደሚነከስ እንዴት አወቀች? ይህን ሳይንስ ይመልስ። መጋቢው ውሃ ውስጥ ጮኸ። ቢላው ሰመጠ። ጉልቤው በአንድ እጁ አንገቱን፣ በሌላው መሰላሉን ይዞ ወጣ።

በካቴና ታስሮ፣ ደም እየተንጠባጠበ፣ መጋቢው ሁሉንም ዘረገፈው።

«የፈቃድ ወረቀት መጥቶ ነበር» አለ። «ከወለደች በኋላ ወደ ባሕር ትመለስ የሚል። ማመልከቻውን የጻፈው ጠላቂው ነው፤ እኔን ሳይጠይቅ። ጀልባውንም አዘጋጅቷል። ስምንት ዓመት በእጄ ነው ያጎረስኳት! ስሜን አታውቅ ይሆናል፣ ጣቶቼን ግን ታውቃለች። ሲነጋ ተው አልኩት። ለእሷ ነው የሚሻለው አለኝ። በመመገቢያው ብረት መታሁት። ከዚያ መምታት ማቆም አቃተኝ።»

«ክንዱን ለምን ሸነተርከው?»

«እሷ ናት እንዲባል። ይገድሏታል ብዬ አላሰብኩም።»

ወንድምየው ጦሩን ጉልበቱ ላይ ሰብሮ ጣለው። ወደ ጉልቤው መጥቶ እንደ ሕፃን አለቀሰበት።

ከሳምንት በኋላ በዚያው አዳራሽ ሰው ተሰበሰበ። ጋዜጠኞች፣ የፖሊስ አለቆች፣ የሟች ቤተሰብ። ኃላፊው አዲስ ክራቫት አስሮ ወጣና የግድያው ትእዛዝ በይፋ መሰረዙን፣ ወይዘሮዋንም ከእንግዲህ ማንም እንደማይነካት ከወረቀት ላይ አነበበ። ከዚያ ጉልቤው መድረኩ ላይ ወጣና ከላይ የተጻፈውን ሁሉ፣ ሰባቱን ምት፣ ዘጠኙን መርከበኞች፣ አምስቱን ደቂቃ አንድ በአንድ ተረከ። ጭብጨባው መስታወቱን አናወጠው። ወንድምየው ከፊት ተቀምጦ አላጨበጨበም፤ ኀዘን ነው ተባለ።

አንዲት ጋዜጠኛ ከግድግዳው ስር ቆመው ብልቃጣቸውን የሚወለውሉትን እማማ ጨውን አየቻቸው።

«እርስዎም ያን ቀን ነበሩ እንዴ እናቴ?»

«ነበርኩ።»

«ሲያዩት እንዴት ነበር?»

እማማ ጨው ብልቃጡን ወደ ብርሃን አነሱት፤ መልሰው ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያ ኃላፊው እጅ ላይ ያለውን ወረቀት አዩ።

«ትእዛዙ ተሰርዟል አይደል?»

«ተሰርዟል» አለ ኃላፊው።

«እንግዲያው ልናገር» አሉ እማማ ጨው። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው፤ ሰዉ ለመስማት ጸጥ አለ። «ወይዘሮዋ እዚያ ገንዳ ውስጥ አልነበረችም።»

ጉልቤው ውሃ ሊጠጣ ያነሳው ብርጭቆ አየር ላይ ቀረ።

«ሊወልዱ ሲሉ ጥልቀት የሌለው ውሃ ነው የሚፈልጉት። ሆዷ ወርዶ ነበር። ገና ሲነጋ እኔና ሟቹ በቃሬዛ ተሸክመን ወደ ኋላ ክፍል ወሰድናት። አሸዋው ላይ የነበረው መስመር የእኔና የእሱ ነው። መጋቢው አላወቀም። ሲመጣ ሟቹ እሷ የለቀቀችውን ገንዳ ሲያጸዳ አገኘው፤ ሳይነግረኝ ወሰዳት ብሎ ገፋው። አንድ ጊዜ ነው የገፋው። ጭንቅላቱን ጠርዙ መታው፤ ክንዱን የመሰላሉ ብረት ቀደደው። ሊያወጣው ሞከረ፣ ከበደው። ከዚያ እኔ ጋ መጣ። እናንተ እስክትመጡ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር።»

ጉልቤው ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ስትመጣ መጋቢው ራሱ እኔ ነኝ አለህ» አሉ ወደ ጉልቤው ዞረው፣ ያለ ምንም ቁጣ። «አንተም ጻፍከው ልጄ። እጅህ ይንቀጠቀጥ ነበር።»

«እና ለምን... ለምን ዝም አሉ?» አለ ኃላፊው።

«ትገደል የሚለው ወረቀትማ እውነት ነበር። የፈረምከው አንተ ነህ። መጋቢው ካመነ በኋላም አላነሳኸውም፤ ማኅተም ያለበት ነገር በስብሰባ ነው የሚነሳው አልክ። ወንድምየውም ሦስት ቀን ሙሉ ሲወጋ ነበር፤ ያንን አሸዋ።» ወንድምየው አንገቱን ደፋ። «የት እንዳለች ብናገር አንዳችሁ ታገኟት ነበር። እዚያ አለች ብላችሁ ስታምኑ ጊዜ ዝም አልኩ። እሷ እንደሆነች እዚያ ብትሆንም ባትሆንም አትታይም።»

ሽርጣቸውን ፈትተው አጠፉትና ክንዳቸው ላይ አደረጉት።

«ዘጠኝ ወልዳለች። እንዲህ፣ የስንዝር ያህል ናቸው። አሸዋ ውስጥ መቀበር የጀመሩት በተወለዱበት ቀን ነው። ማየት የሚፈልግ ይከተለኝ፤ ቀስ ብላችሁ ግን፣ ድምፅ ይፈራሉ።»